ሰዓቱ ምን ይለካ? በፊደላችን ስለሚሠራ ፈጣን የቃላት ጨዋታ



ዛሬ ላነሣላችሁ የመጣሁት ጉዳይ ጨዋታ ነው። ሰሌዳ ላይ ፊደላት ይደረደራሉ፣ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፣ ተጫዋቹ ጊዜው ሳያልቅበት ከፊደላቱ የቻለውን ያህል ቃል ይገነባል። በላቲን ፊደል እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ሞልተዋል። በአማርኛ ለመሥራት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ የእንግሊዝኛውን ሕግ እንዳለ ወስዶ ፊደሉን ብቻ መተካት ነው። ይህ አያዋጣም። ለምን እንደማያዋጣና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ልነግራችሁ እፈልጋለሁ።

መነሻዬ አንድ ነው። በእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ሰዓቱ መለካት ያለበት ቃሉን ለማሰብ የፈጀውን ጊዜ ብቻ ነው። ቁልፍ ሲፈለግ፣ ኢንተርኔት ሲጠበቅ፣ "በየትኛው ሰ ነው የሚጻፈው?" እየተባለ ሲጨነቁ የሚያልፍ ሰከንድ ሁሉ ከተጫዋቹ የተነጠቀ ነው፤ የነጠቀውም የጨዋታው ሠሪ ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሣ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ በአጭሩ እንይ። አልፍሬድ በትስ አሜሪካዊ አርክቴክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ ባጣ ጊዜ የቃላት ጨዋታ ለመፍጠር ተነሣ። የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ጋዜጣ ዘርግቶ ፊደላቱን አንድ በአንድ ቆጠረ። ያ ቆጠራ ነው ዛሬ ስክራብል የምንለውን ጨዋታ የወለደው፤ ስሙን ያገኘው ግን በ1948 ጄምስ ብሩኖት ለገበያ ሲያቀርበው ነው። መቶ ጠጠር አለው። በእንግሊዝኛ እጅግ የሚዘወተረው ኢ በ12 ጠጠር ላይ ሲጻፍ ዜድና ኪው አንድ አንድ ብቻ አላቸው። ኤስ ደግሞ በጽሑፍ ውስጥ ብዙ ቢሆንም 4 ብቻ ነው የተሰጠው፤ አብዛኛውን ስም ብዙ ቁጥር የሚያደርግ ፊደል ከበዛ ጨዋታው ይቀላልና። ይህን የኤስ ጉዳይ አትርሱብኝ፤ በአማርኛ ከባድ ሆኖ ይመለሳል።

ስክራብል ግን ተራ የሚጠበቅበት ጨዋታ ነው። በውድድር ላይ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 25 ደቂቃ ይሰጣል፣ ያለፈ ደቂቃ ሁሉ 10 ነጥብ ያስቀንሳል፤ እንዲያም ሆኖ አንዱ ሲያስብ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል። ለፈጣን ጨዋታ አርአያ የሚሆነን አለን ቱሮፍ የፈለሰፈውና ፓርከር ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ቦግል ነው። በየገጻቸው ፊደል ያለባቸው 16 ኩቦች ተንቀጥቅጠው በአራት ረድፍ አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ፤ የ3 ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ይገለበጣል፤ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ሰሌዳ ላይ ያፈጣል። ቃል የሚሠራው ጎን ለጎን፣ ላይና ታች ወይም በሰያፍ የሚነካኩ ፊደላትን በማያያዝ ሲሆን በአንድ ቃል ውስጥ አንዱን ኩብ ሁለቴ መጠቀም አይቻልም። በመጨረሻ ሁለት ሰው ያገኘው ቃል ይሰረዛል፤ ነጥብ የሚያስገኘው ሌላው ያላየው ብቻ ነው። ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ውበቱም እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ይህን ወደ ፊደላችን እናምጣው። የፊደል ገበታችን 33 ረድፍ በ7 ዓምድ ነው፤ 231 ፊደል፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። በእንግሊዝኛው 26 ፊደል ሦስት ሦስቱን ማቀናጀት የሚቻልበት መንገድ 17,576 ነው። በ231 ግን 12,326,391 ይሆናል፤ 700 እጥፍ ማለት ነው። የአማርኛ ባለሦስት ፊደል ቃላት የእንግሊዝኛውን 700 እጥፍ አይሆኑም። ስለዚህ 231ዱን ፊደላት እንዳሉ ሰሌዳ ላይ ብንበትናቸው ጩ አጠገብ ጴ፣ ጴ አጠገብ ዦ ይቀመጣል፣ ተጫዋቹም ባዶ ሰሌዳ ሲያይ ሰዓቱ ያልቃል። ብዙ የሚዘወተሩትን ብቻ መርጦ መደርደር ጥቂት ያሻሽላል፤ ነገር ግን ሰሌዳው ላይ ሰ እያለ ስ ስለሌለ ብቻ ቃሉ የሚከለከልበት ጨዋታ ያናድዳል እንጂ አያዝናናም።

እኔ የምመርጠው መንገድ በጠጠሩ ላይ ፊደሉን ሳይሆን ቤቱን ማስቀመጥ ነው። ሰ የተጻፈበት ጠጠር ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ፣ ስ፣ ሶ፣ ሷም ይሁን። ከዚያ ቀጥሎ በዛሬው አማርኛ አንድ ድምፅ የሚሰጡትን ቤቶች እናዋህድ፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀና ኸ አንድ፣ ሰና ሠ አንድ፣ አና ዐ አንድ፣ ጸና ፀ አንድ። ከ33ቱ የሚቀሩት 27 ናቸው። የእንግሊዝኛው 26 ነው! ሦስት ሦስት ሲቀናጁ 19,683 መንገድ ይኖራቸዋል፤ በሌላ አነጋገር ቦግል የቆመበት ልክ ላይ ደረስን። የፊደላችን ብዛት ለእንዲህ ያለ ጨዋታ አይመችም የሚል ክርክር ሲነሣ ስሰማ ይህን ቁጥር ነው የማስታውሰው።

ጥቅሙ ልክ ማግኘት ብቻ አይደለም። ከ፣ በ፣ ረ ጎን ለጎን የወጡበትን ሰሌዳ አስቡ። አንድ ተጫዋች ከበረ ብሎ ይጽፋል። ከዚያው ከሦስቱ ጠጠሮች ክብር፣ ክቡር፣ አለፍ ሲል ደግሞ ዝምድና የሌለው ከበሮ ይወጣል። ገ፣ በ፣ ረ ላይ ገበረ፣ ግብር፣ ገባር ይገኛል። ሰ፣ በ፣ ረ ላይ ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ሰባራ፣ ስብር፣ ሰበር አለ። ተጫዋቹ ሥሩን ሲያገኝ ቃላቱ ተከታትለው ይፈስሱለታል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ዓይኑ ይዞራል፤ ሌላ ሥር ያገኝና እንደገና ይጎርፋል። በላቲን ፊደል የተሠራው ጨዋታ ይህ ምት የለውም፣ ሊኖረውም አይችልም፤ የሴም ቋንቋ ከሥር ተነሥቶ ቃል የሚያራባበት ጠባይ የሚሰጠን ሀብት ነውና። ጨዋታችን የራሱ መልክ ይኑረው ስንል ከዚህ የተሻለ መልክ ከየት እናመጣለታለን?

አንድ ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። ጠጠሩ ላይ የትኛው ቅርጽ ይጻፍ? ከልጅነት ጀምሮ ረድፉን የምንጠራው በመጀመሪያው ፊደል ስለሆነ ግዕዙ ይጻፍ እላለሁ። ይህ ግን ዋጋ አለው። ሰሌዳው በሙሉ በግዕዝ ሲጻፍ ነገረ፣ ደረሰ፣ ከፈለ፣ ለመደ የመሰሉት ግሦች ራሳቸው ዓይን ውስጥ ይገባሉ። ትምህርት ግን ተመሀረተ ሆኖ ተሰውሯል፤ አምስቱም ፊደሎቹ ሳድስ ናቸውና አንዱም በመልኩ አይታይም። ምስክር፣ ድልድይ፣ ምድር፣ ፍቅር እንዲሁ ናቸው። መጀመሪያ እንከን መስሎ የሚታየው ይህ ነገር ለእኔ የጨዋታው ጥልቀት ነው። ጀማሪው ግሦቹን ይለቅማል፤ የበረታው ከግዕዙ ጀርባ የተደበቀውን ሳድስ ማየት ይለምዳል።

ቀጥሎ እጅ ይመጣል። ጠጠሩ ቤቱን ብቻ ካሳየ ሳድስ ይሁን ራብዕ ተጫዋቹ እንዴት ይናገራል? ማሽኑ በጠጠሮቹ ላይ የተሳበውን መስመር ብቻ አይቶ የሚስማማውን ቃል ሁሉ ይቁጠርለት የሚል ሐሳብ አለ። አልቀበለውም። ሦስት ጠጠር ነክቶ አምስት ቃል የሚሰጠው ሰው አላሰበም፤ በዘፈቀደ የሚነካካም ሰው ነጥብ ይሰበስባል። መስመር ስቦ ከዝርዝር ይምረጥ ቢባል ደግሞ ሰዓቱ ለምርጫው ይከፈላል።

በኮምፒውተር ላይ ከሁሉ የሚሻለው ተጫዋቹ ቃሉን እንዲጽፍ፣ መንገዱን ደግሞ ማሽኑ እንዲፈልግ ማድረግ ነው። በድምፅ ስልት በሚሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የኤስ ቁልፍ ስን ይሰጣል፤ አናባቢ ሲጨመር ሰ ወይም ሳ ይሆናል። በጽሑፋችን ውስጥ እጅግ የሚበዛው ሳድስ በአንድ ቁልፍ ይወጣል ማለት ነው፤ ለፍጥነት ጨዋታ የታሰበበት እስኪመስል ድረስ ይመቻል። ተጫዋቹ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳይነቅል ይጽፋል፤ ትክክል ሲሆን የጠጠሮቹ መንገድ ይበራል። ስሕተት ሲሆን ነጥብ አይቀነስበትም፤ ለመጻፍ የወሰደበት ጊዜ በቂ ቅጣት ነው። የጨዋታው መዝገበ ቃላት ውስጥ የሌለ ቃልና መዝገቡ ውስጥ ያለ ነገር ግን ሰሌዳው ላይ የማይገኝ ቃል በተለያየ ቀለም ይታዩ፤ ሰውየው ምን እንደሳተ ሳያነብ ይወቅ። "ስሕተት ነው፣ እሺ የሚለውን ይጫኑ" የሚል መስኮት በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድም ቦታ መከፈት የለበትም።

ለስልክ መልሱ የተለየ ነው። ጃፓኖች በስልካቸው ላይ ሲጽፉ አንዱን ፊደል ይነኩና ጣታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ሸተት በማድረግ አናባቢውን ይመርጣሉ፤ መሐሉ አንድ፣ አራቱ አቅጣጫ አራት፣ በጠቅላላው አምስት። የእኛ ሰባት ነው። ባለ ስድስት ጎን ጠጠር ብንሠራ መሐሉ ሳድስ፣ ስድስቱ ጎኖች ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ይሆናሉ። ልክ ሰባት። ጣት አቅጣጫውን አንዴ ከለመደ ማሰብ አያስፈልገውም። ይህን የሚሠራ ከእናንተ መካከል ቢገኝ ለጨዋታው ብቻ ሳይሆን ለዕለት ጽሕፈትም የሚጠቅም ነገር ይወጣው ይመስለኛል።

ማሽኑ ቤቱን እንዴት ያውቃል ለሚል ፕሮግራም ሠሪ ደስ የሚል መልስ አለኝ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ በስምንት ስምንት ረድፍ ተደርድሯል። የሰ ቁጥር 4656 ነው፣ ሱ 4657፣ እያለ ሷ 4663 ላይ ይደርሳል፤ ሸ ከ4664 ይጀምራል። ቁጥሩን ለ8 ስናካፍል ድርሻው ቤቱን፣ ቀሪው እርባታውን ይነግረናል። እንደ ቋና ጓ ያሉት በተለየ ረድፍ ስለተቀመጡ ትንሽ ሰንጠረዥ ይፈልጋሉ፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ቤቶች ለማዋሐድም እንዲሁ። በዚያው ሰንጠረዥ ሀና ሃ፣ አና ኣ አንድ ይሁኑ።

ስለ ሞክሼ ፊደላት ያለኝን አቋም ግልጽ ላድርግ፤ ቅር የሚሰኙብኝ ሊቃውንት እንዳሉ አውቃለሁና። ሠረቀ ፀሐይ ሲወጣ ነው፣ ሰረቀ ሌብነት ነው፤ ልዩነቱን አከብራለሁ። ነገር ግን ሰዓት እየቆጠረበት ያለን ሰው ፀሐይን በጸ ጻፍክ ብሎ መጣል የቃል ዕውቀቱን መለካት አይደለም። በጨዋታው መካከል ሁሉንም አጻጻፍ እንቀበል። ሰዓቱ ሲቆም ግን ቃሉ መዝገበ ቃላቱ በያዘው አጻጻፍ ይታይ፤ ያኔ ተጫዋቹ ረጋ ብሎ ያየዋል፣ ይማርበታል።

አሁን አትርሱ ወዳልኳችሁ ወደ ኤስ ልመለስ። የእንግሊዝኛው ችግር አንድ ፊደል ነበር። በአማርኛ ቤት የሚለውን ቃል ያገኘ ሰው የቤት፣ በቤት፣ ለቤት፣ ከቤት፣ ቤቱ፣ ቤቴ፣ ቤትን፣ ቤትም፣ ቤትና ይላል። በ አንድ ጊዜ መሐል ላይ ከወጣች ዙሪያዋ ያለው ስም ሁሉ እጥፍ ይሆናል፤ በዚህ ሕግ የሚያሸንፈው ብዙ ቃል የሚያውቀው ሳይሆን ቅጥያ በፍጥነት የሚለጥፈው ነው። ጠጠር በመቀነስ አይፈታም። መፍትሔው አንድ ቃል አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቆጠር ማድረግ ነው። ተጫዋቹ በቤቱ ብሎ ቢጽፍ ማሽኑ ቤትን ይመዘግብለታል፤ ቀጥሎ ለቤት ቢል "ተቆጥሯል" ይለዋል፣ ቅጣት የለም። ሰበረ ከተቆጠረ ሰበረችና ሰበሩ አይቆጠሩም። ሰባራና ሰባሪ ግን የየራሳቸው ቃል ናቸው፤ ተሰበረና ሰባበረም ግንዳቸው ስለሚለይ ይቆጠሩ እላለሁ። ሰባበረ ሁለት በ እንደሚፈልግ ልብ በሉ፤ ራሱን ያስከብራል።

ይህ ሕግ ቅጥያ የሚገፍፍ መሣሪያ ይጠይቃል። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የተባለው ፕሮግራም የአማርኛን ግስና ስም ወደ ሥሩና ቅጥያው ይፈታል፤ መነሻ ሊሆነን ይችላል። ሥራው ግን በጨዋታው ሰዓት መሠራት የለበትም። ቀድሞ በቃላት ዝርዝሩ ላይ ይሠራና ከእያንዳንዱ ቃል ጎን የዋና ቃሉ መለያ ይቀመጥ፤ በጨዋታው ጊዜ ማሽኑ ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

የእንግሊዝኛው ጨዋታ የተጸውዖ ስም ይከለክላል፤ ትልቁን ፊደል አይቶ ይለያል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፤ ተስፋ፣ ሰላም፣ ብርሃን፣ ታደሰ ስምም ቃልም ናቸው። መዝገቡ ውስጥ ካለ ይቆጠር፤ ሌላ ሕግ አያስፈልግም። ገና እና ዋና ሲጠብቁና ሲላሉ ሁለት ሁለት ቃል መሆናቸውንም ፊደሉ ስለማያሳይ አንድ እንቁጠራቸው።

ወደ ሰሌዳው አሠራር እንሂድ። ኩብ ሲንቀጠቀጥ ዕድል ነው፤ አንዳንዴ ምንም ቃል የሌለበት ሰሌዳ ይወጣል። ኮምፒውተር ግን ሰሌዳውን ለሰው ከማሳየቱ በፊት ራሱ ፈትቶ ማየት ይችላል። አራት በአራት ሰሌዳ ላይ ከ12 ሚሊዮን በላይ መንገድ አለ። ሁሉንም መሄድ አያስፈልግም፤ ቃላቱ በመነሻ ፊደላቸው እየተጋሩ በዛፍ ቅርጽ ከተቀመጡ በዚያ አነሣስ የሚጀምር ቃል እንደሌለ በታወቀበት ቦታ ፍለጋው ይቆማል። አንድሩ አፔልና ጋይ ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1988 የዛፉን ተመሳሳይ ጫፎች በማዋሐድ እጅግ ፈጣን የስክራብል ፕሮግራም ሠርተዋል፤ ዘዴው ዛሬም የሚሠራበት ነው። ለእኛ ዛፉ የሚተከለው በ27ቱ ቤቶች ነው፤ ከ፣ በ፣ ረ የሚለው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ከበረ፣ ክብር፣ ክቡር፣ ከበሮ አብረው ይንጠለጠላሉ። ማሽኑ ሰሌዳ ይፈጥራል፣ ይፈታል፣ ቃሉ ካነሰ ይጥልና ሌላ ይፈጥራል። ተጫዋቹ ይህን ሁሉ አያየውም። እኔ ከቃሉ ብዛት ሌላ ቢያንስ አንድ ባለ አምስት ፊደል ቃል ያለበትን ሰሌዳ ብቻ አሳልፍ ነበር፤ ትልቅ ነገር የመፈለግ ተስፋ ከሌለ ሰው በትንንሹ ይሰለቻል።

ነጥቡን በተመለከተ ቦግል ለሦስትና ለአራት ፊደል 1፣ ለአምስት 2፣ ለስድስት 3፣ ለሰባት 5፣ ከዚያ በላይ 11 ይሰጣል። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ስለሚይዝ ቃሎቻችን ያጥራሉ፤ ሰው፣ ልጅ፣ ላም፣ በግ ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው፤ ሊከለከሉም አይገባም። ለሁለት 1፣ ለሦስት 2፣ ለአራት 4፣ ለአምስት 7፣ ከዚያ በላይ 11 ቢሰጥ ይመጣጠናል። ሁለት ሰው ያገኘው ይሰረዝ የሚለው ሕግ ለሁለት ተጫዋች ግሩም ነው፤ ሃያ ሰው አንድ ሰሌዳ ላይ ሲጫወት ግን ሁሉም ይሰረዛል። ያኔ ጥቂት ሰው ያገኘው ቃል ነጥቡ ይጨመር።

ሰዓቱን ሁለት ደቂቃ አደርገዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከስዊድን የወጣው ረዝል የተባለው የስልክ ጨዋታ እያንዳንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ ነው፤ ለዓይንም ለእጅም እንደሚበቃ በሚሊዮን ተጫዋች ተፈትኗል። ቁጥር እየዘለለ የሚቀንስ ሰዓት ሰሌዳው አጠገብ ማስቀመጥ ግን ዓይንን ይሰርቃል። የሰሌዳው ጠርዝ ቀስ እያለ ይጥበብ፤ በመጨረሻዎቹ 10 ሰከንዶች ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰማ። ፊደል ገና ለሚማሩ ልጆች፣ በተለይም በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ተወልደው አማርኛን ከቤት ውጭ ለማይሰሙት፣ ሌላ ዓይነት ሰዓት ይኑር። ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1989 ፓተንት ያገኘበት የቼዝ ሰዓት በእያንዳንዱ እርምጃ ጊዜ ይጨምራል፤ ለልጁም እያንዳንዱ ቃል አምስት ሰከንድ ይጨምርለት። ያን ጊዜ ሰዓቱ የሚያሯሩጠው ሳይሆን የሚያበረታታው ይሆናል።

የኢንተርኔት ነገርም አለ። ቃሉ ትክክል መሆኑን ከሩቅ ሰርቨር የሚጠይቅ ጨዋታ ኔትወርክ በደከመበት ከተማ ያለውን ሰው ይበድላል። ዝርዝሩ ከጨዋታው ጋር ይውረድ፤ ማረጋገጫው እዚያው መሣሪያው ላይ ይሁን፤ ለሁለቱም ተጫዋቾች አንድ ሰሌዳ ይላክ፤ ውጤቱ በመጨረሻ ይሂድ። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሰዓት መቀመጥ እንኳ የለባቸውም። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ይራራቃሉ፤ አያት ጠዋት ይጫወታሉ፣ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያንኑ ሰሌዳ ይከፍታል።

ሰዓቱ ከቆመ በኋላ ያለው ክፍል በብዙ ጨዋታ ውስጥ በጥድፊያ ይታለፋል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ማሽኑ ሰሌዳው ላይ የነበሩትን ቃላት ሁሉ ያውቃልና ያመለጡንን ያሳየን፤ ያለ ሰዓት፣ ከነትርጉማቸው። ሞፈር፣ ማጀት፣ ጎታ የሚሉትን ቃላት ከተማ ያደገ ልጅ ላያውቃቸው ይችላል። ከአፍንጫው ሥር የነበረ ቃል እንዳመለጠው ሲያይ ግን ይቆጨዋል፤ የተቆጨበትን ቃል ደግሞ ሰው አይረሳም።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ በቃላት ዝርዝሩ። መጻሕፍቱ አሉን። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል መዝገበ ቃላት በ1993 ወጥተዋል። ፕሮግራሙን ጎበዝ ተማሪ በጥቂት ወራት ይጽፈዋል። ዝርዝሩን ግን አንድ ሰው አይጨርሰውም። የትኛው ቃል ይግባ፣ የትኛው የውጭ ቃል አማርኛ ሆኗል፣ የጎጃሙና የወሎው አነጋገር እንዴት ይካተት የሚለውን መምህራንና ባለሙያዎች አንድ ላይ ተቀምጠው መወሰን አለባቸው፤ ባለመብቶቹንም አስፈቅደው መሥራት ይኖርባቸዋል። ዛሬ ከአዳራሹ ስትወጡ በር ላይ ስም መጻፊያ ወረቀት ታገኛላችሁ። አንደኛው ዓምድ ፕሮግራም ለሚሠሩ፣ ሁለተኛው ቃል ለሚለቅሙ ነው፤ ሁለተኛውን ረዥም አድርገነዋል።